ማገጥ የመሰለችው አበባ፤ ከመቀሌ እስከ በራሕሌ ደርሶ መልስ

ረቡዕ፤ ከመቀሌ ወደ አጉላዕ

የጭነት መኪናው አንድ ዓይና ነው። በዚያ በቀረው መብራቱ የገበያውን የድንጋይ ካብ፣ ከካቡ ሥር ተንበርክከው የሚያመሰኩትን ግመሎች፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው አሞሌ ጨው የሚጠብቁትን ሰዎች ተራ በተራ እያበራ ከከተማው ያወጣናል። ወሩ ጥር ነው፤ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። እኔ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ጉልበቴ ላይ ክዳን ያለው የቆርቆሮ ሣጥን አለ። ባዶ ነው።

ባዶ ሣጥን ታቅፌ ወደ በረሃ የምወርድበትን ምክንያት አንባቢ አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል።

መቀሌ የመጣሁት ጣሊያኖች ሲሸሹ ጥለውት የሄዱትን የደረቀ ዕፅ ክምችት እንድለይ ከአዲስ አበባ ተልኬ ነው። በውጭ አገር የዕፀዋትን ሳይንስ ተምሬ ተመልሻለሁ፤ መሥሪያ ቤቴ ለዚህ ትምህርት ያገኘለት አገልግሎት እስከ ዛሬ ድረስ የጽሕፈት መኪና መምታት ነበር። ከእኔ ጋር ለትምህርት የተላኩ ሁለት ወንዶች በጦርነቱ ዋዜማ አገራችሁ ትፈልጋችኋለች ተብለው ተጠሩ፤ ተመለሱ፤ ተገደሉ። እኔን የጠራኝ አልነበረም። በሕይወት ያለሁት ስላልተፈለግሁ ነው። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ እውነቱ ይህ ስለሆነ ነው።

አሁን መቀሌ እስር ቤት ውስጥ ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው ተቀምጧል። ሥራው ገለባ ነው፤ ከአራሾች እየገዛ ወደ ጨው ለሚወርዱ ሲራራ ነጋዴዎች ይሸጣል። ወደ ጨው የሚወርድ ሁሉ ለእንስሳቱ ገለባ ጭኖ ይወርዳል፤ ከፊሉንም ለመልሱ ጉዞ በየማደሪያው ያስቀምጣል፤ የሌላውን ገለባ የሚነካ የለም። ከገና በኋላ የአንድ ትልቅ የጨው ነጋዴ፣ የባሻይ ሓጎስ፣ በቅሎዎች በራሕሌ ላይ ሲበሉ ውለው ሦስቱ ጀምበር ሳትጠልቅ ሞቱ። ባሻይ ከሰይድ ጋር ቀደም ብሎ በገበያ መካከል ተጣልቶ ነበርና ገለባው ላይ የሚገድል መድኃኒት ነስንሶበታል ብሎ ከሰሰው። የባሻይ የእህት ልጅ ኪሮስ በዚያ ቀን የማብላት ተረኛ ነበር። እንስሳቱ ከሰይድ ገለባ በቀር አንዳች እንዳልቀመሱ በመስቀል ምሎ መሰከረ።

በጨው መንገድ አንድ ደንብ አለ። በተረኛ እጅ የሞተ እንስሳ በተረኛው ላይ ነው። ለምን እንዳነሣሁት ኋላ ይታያል።

ዳኛው ሣር የምታነብ ሴት ዕፁ ከተከማቸበት ከጎረቤት ግምጃ ቤት እንዳለች ሰምቶ አስጠራኝ። ለማስረጃ የቀረበውን የገለባ ትራፊ በአጉሊ መነጽር አየሁ። ከገለባው መካከል የተጨማደደች ሮዝ አበባ አወጣሁና ይህች የደጋ ዕፅ አይደለችም አልሁ። የደጋ ካልሆነች ገለባው መቀሌ ላይ ሲታሰር በውስጡ ልትኖር አትችልም፤ በረሃ ላይ የጨመራት ሰው አለ ማለት ነው። በረሃ ላይ ደግሞ ሰይድ አልነበረም።

ባሻይ ሓጎስ ሳቀ። ረጅም፣ ሽበቱ ያማረ፣ አማርኛውን በትግርኛ ጉሮሮ የሚናገር ሰው ነው። «ጓለይ፣ ይህ ማገጥ ነው። ማገጥን የማያውቅ በሬ እንኳ የለም» አለኝ፤ ጓለይ ልጄ ማለት ነው።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ማገጥ በደጋ ሜዳ የሚበቅል፣ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው፣ ከብት የሚወደው ሣር ነው። ወደ እስረኛው ዞሬ ጠየቅሁት። ሰይድ አንገቱን አስግጎ አየና፣ «ወላሂ እትዬ፣ ማገጥ ነው። ከሜዳ ገለባ ጋር እንዲህ ይመጣል» አለ። ነጻ የምታወጣውን አበባ በገዛ አፉ አጠፋት። ቅን ሰው ራሱን እንዴት እንደሚቀብር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላየሁም።

ዳኛው እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጠኝ፤ አበባዪቱን ከበቀለችበት አምጥቼ እንዳሳይ። ከጓሮዬ ቆርጬ እንዳላታልል ደግሞ ከከሳሽ ወገን አንድ ሰው አብሮኝ እንዲሄድ አዘዘ። ባሻይ የመረጠው ኪሮስን ነው። አሁን ከበስተኋላ፣ ከጭነቱ ላይ፣ ተኮራምቶ ተቀምጧል።

ቁሓ ላይ ጎህ ቀደደ። ሾፌሩ ግርማይ ለሞተሩ ውሃ ሲያጠጣ ፍሬኑ እንደማይሠራ ተረዳሁ፤ ከጎማው በታች ድንጋይ አድርጎ ነበር ያቆመው። ለምን እንደማያሠራው ጠየቅሁት። በትግርኛ እህቴ ብሎ ጀመረ።

«ሓፍተይ፣ ይህን መኪና ጣሊያን ሲሮጥ ነው የጣለው። ያስተማረው መሮጥ ብቻ ነው፤ መቆም ማን ያስተምረው?»

ከዚያ በኋላ እስከ አጉላዕ ቁልቁለቱን ሁሉ ሣጥኔን በሁለት እጄ ያዝሁ። ግርማይ እሑድ ጠዋት አጉላዕ እንደሚጠብቀን ማለ። ሁለት በቅሎ፣ ሁለት የውሃ ስልቻ፣ ቆሎና ድርቆሽ ይዘን ከቀትር በፊት ወደ ምሥራቅ ተነሣን። ኪሮስ ከኮርቻው ጀርባ ማጭድ ሰክቷል። ለምን እንደያዘው አልጠየቅሁትም፤ ወደ ጨው የሚወርድ ደገኛ ያለ ማጭድ አይሄድም።

ሐሙስ፤ ቁልቁለቱ

ምድሪቱ በአንድ ቀን ውስጥ ጠባይዋን ትለውጣለች። ጠዋት በቁልቋልና በግራር መካከል ነበርን፤ ቀትር ላይ ከግራሩ የቀረው እሾሁ ነው። ገደሉ በግራና በቀኝ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ድንጋዩ አንዳንድ ቦታ የጉበት መልክ አለው። መንገዱ የወንዙ አሸዋ ራሱ ነው። ከታች የሚመጡትን ሲራራዎች ከማየታችን በፊት እንሰማቸዋለን፤ ግመሎቹ አሞሌ ተጭነው፣ ከንፈራቸውን ጥለው፣ አንዱ በአንዱ ጅራት ታስሮ ያልፋሉ። ሰዎቹ «ደሓን ዶ» ይላሉ፤ ኪሮስ ይመልሳል። ከዚያ እኔን ያዩና ሁለተኛ ይዞራሉ፤ ሴት ወደ ታች ስትወርድ አላዩም።

ኪሮስ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። በቅሎዎቹ ሲደክሙ ከእኔ በፊት ያውቃል፤ ይወርዳል፤ ጆሯቸው ውስጥ አንድ ነገር ይናገራል። ከሞቱት አንዷን ከውርንጭላነቷ አሳድጓት እንደነበር መቀሌ ሳለሁ ሰምቻለሁ። እኔን የሚያናግረኝ በ«እርስዎ» ነው፤ ግን ቃሉ ሁሉ ከንፈሩ ላይ ያልቃል። አንድ ጊዜ ብቻ በራሱ ፈቃድ ጠየቀኝ።

«አበባዋን ካላገኟትስ?»

«ሰይድ ይፈረድበታል።»

«ብዙ?»

«ዳኛው ረጅም እስራት ይላል። የገበያው ሰው ገመድ ማለት ጀምሯል። አንተ ከእኔ በፊት ሰምተሃል።»

በቅሎውን ነድቶ እስክናድር ድረስ ከፊቴ ሄደ። እኔም አላባበልኩትም።

ከገደሉ አፍ ላይ ዓሊ የሚባል የዓፋር ሽማግሌ ተቀበለን፤ በዚያ አገር ያለ አገሬው ሰው ማለፍ የለም። ጥርሱ የተሞረደ፣ አነጋገሩ ቁጥብ፣ ወገቡ ላይ ጊሌ የሚባለውን ጩቤ የታጠቀ ሰው ነው። ትግርኛ ጥቂት ያውቃል። ስለዚህ ዓሊ ለኪሮስ ይናገራል፤ ኪሮስ ለእኔ ይተረጉማል። አስተርጓሚዬ ባላጋራዬ ነው። ይህን ሁኔታ መውደድ አልቻልኩም፤ መለወጥም አልቻልኩም።

ዓርብ፤ በራሕሌ

ሙቀቱ ከአለቱ ነው የሚወጣው። ከሰማይ የሚወርደውን ጥላ ይከለክለዋል፤ ከአለቱ የሚወጣውን የሚከለክል የለም።

ኪሮስ እንስሳቱ የሞቱበትን ቦታ ሲያሳየኝ ከመንደሩ በላይ ያለ ጠፍ ድንጋይ አመለከተኝ። አጥንት የለም፤ የጉድጓድ ምልክት የለም፤ በድንጋይ ካብ የሚታጠር የገለባ ማስቀመጫም የለም። ለዓሊ ጥያቄውን በእጄ ምልክት አቀረብኩለት፤ በቅሎ፣ መውደቅ፣ የት። ዓሊ ኪሮስን አየው፤ ከዚያ ቁልቁል ወደ ወንዙ መታጠፊያ መራኝ። ኪሮስ ከኋላችን በቅሎዎቹን እየጎተተ መጣ።

እዚያ ካቡ አለ። በካቡ ውስጥ ዝናብ ያበሰበሰው የሰይድ ገለባ ትራፊ ጠቁሮ ተኝቷል። የበረሃው ዝናብ የሚወርደው በክረምት ሳይሆን በገና ሰሞን ነው፤ ዘንድሮ ወርዷል፤ የወንዙ ዳር አሸዋ እስካሁን ከሥሩ እርጥብ ነው። በእርጥቡ አሸዋ ላይ ደግሞ እርሷ አለች።

ሰው ቆሞ ቢሄድ አያያትም። በምድር ላይ ተነጥፋለች፤ ቅርንጫፎቿ እንደ ክር ይሳባሉ፤ ነጭ ጠጉር ስለለበሰች ከሩቅ አመድ ትመስላለች። አበባዋ ከጤፍ እንጀራ ዓይን ብዙም አትበልጥም፤ ሮዝ ናት፣ በውስጧ የጠቆረ መስመር አላት። አሸዋው ላይ ተንበረከክሁ። ቅጠሏን ከግንዷ ጋር ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ። ከጫፍ ሦስት፤ ይህ እንደ ማገጥ ነው፤ ደገኛውን ያሳሳተውም ይህ ነው፤ የደጋ ሰው ሦስት ቅጠል ሲያይ ቆጠራውን ያቆማል። ከግርጌ ግን፣ ግንዱን ተጠግተው፣ ሁለት ሌሎች አሉ። አምስት። የዘር ቅርፊቷን ፈለግሁ፤ ገና ለጋ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ እንደ ወፍራም መርፌ። ማገጥ እንዲህ ያለ ቅርፊት ኖሮት አያውቅም። ሊቃውንቱ ሎተስ አራቢኩስ ብለው የሚጠሯት ናት፤ በሱዳንና በግብፅ በረሃ ትታወቃለች። በትምህርት ቤት የደረቀች አይቻታለሁ። በሕይወት ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው፤ ቅጠሏን ግን እንደገና ቆጠርሁ።

ፍየሎች ይበሏት እንደሆነ ኪሮስ ዓሊን እንዲጠይቅልኝ ነገርኩት። ተነጋገሩ። ኪሮስ ከመቀሌ ከወጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈካ።

«ይበሏታል፤ ጥሩ መብል ናት ይላል። አላልኩዎትም? ማገጥ ናት።»

«መቼ እንደሚበሏት ጠይቀው።»

አልጠየቀውም። ስለዚህ እኔ ካለፈው ዓመት የቀረች፣ ደርቃ ዘሯን ያራገፈች ጭራሮ ነቅዬ በአንድ እጄ፣ አረንጓዴዋን በሌላው እጄ ይዤ ለዓሊ ዘረጋሁለት። ዓሊ የደረቀችውን ነካ። አረንጓዴዋን ከእጄ ላይ በበትሩ መትቶ ጣላት። መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ለጋ ሳለች ትገድላለች፤ ዘሯ ሲበስል ድርቆሽ ትሆናለች።

ከዚያ ሁለተኛውን ነገር አየሁ። ከካቡ አጠገብ ያለው መደብ ላይ ቅርንጫፎቿ የሉም፤ ግንዶቿ ብቻ ቀርተዋል፤ ጫፋቸው በአንድ ወገን ያዘነበለ፣ ለስላሳ ቁራጭ ነው። እንስሳ ሲግጥ ይበጥሳል፤ ይነቅላል፤ የተቀዳደደ ጫፍ ይተዋል። ይህ ማጭድ ነው። ዓፋር ሣር አያጭድም፤ መንጋውን ወደ ሣሩ ይነዳል እንጂ። ማጭድ ይዞ እዚህ የሚወርድ ደገኛ ነው፤ ደገኛ ሆኖ ለጋ ማገጥ ሲያይ ሳያጭድ የሚያልፍ ደግሞ የለም። ገለባው ረጥቦ በስብሶ አነሰ፤ ማሟያ ተፈለገ፤ ማገጡ ከእግር ሥር ነበር።

ቀና ስል ኪሮስ እጄን ሳይሆን ግንዶቹን እያየ ነው። ማጭዱ ከኮርቻው ጀርባ አለ።

መናገር ለእኔ አደጋ፣ ለሰይድ ከንቱ ነበር። ከቦርሳዬ ሰፊ አፍ ያለው ጠርሙስ አወጣሁ፤ ለጋውን ጨፍልቄ ከታች ጨመርኩ፤ በመድኃኒት የተነከረ ቢጫ ወረቀት ከቡሹ ላይ አንጠልጥዬ ከደንኩት። ይህ ወረቀት ገዳዩን እንፋሎት ሲያገኝ እንደ ሸክላ ይቀላል። መቀሌ ላይ በገለባው ትራፊ ሞክሬው ነበር፤ ትራፊው ፀሐይ ላይ ከርሞ ስለነበር ቢጫ እንደሆነ ቀረ። አሁን ጠርሙሱን ብብቴ ሥር አሞቅሁት። ዓሊ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል። ኪሮስ ቆሞ ይጠብቃል። ወረቀቱ በመጀመሪያ ብርቱካን፣ ከዚያ የተተኮሰ ሸክላ መሰለ።

«ምንድን ነው?» አለ ኪሮስ።

«በቅሎ የሚገድለው ነው።»

ሣጥኑን በእርጥብ ጨርቅ አለበስሁት፤ አበባዎቹን ከነሥራቸውና ከነአሸዋቸው በሁለት ድርብ ደረደርኋቸው፤ በላያቸው ውሃ ረጨሁ። «ሰው የሚጠጣውን ውሃ ሣር ያጠጣሉ እንዴ?» አለ ኪሮስ። ከጠወለገች ማንም እንዳሻው ማገጥ ይላታል፤ መርዟም እየሳሳ ይሄዳል። ሰኞ ድረስ መኖር አለባት።

ቅዳሜ፤ አቀበቱ

ዓሊ ከገደሉ አፍ ላይ ተሰናበተን። ከዚህ ወዲያ ሁለታችን ብቻ ነን።

በዚህ ቀን የሆነውን በተቻለኝ መጠን ሳልጨምር እጽፋለሁ። ኪሮስ ከፊት ይሄዳል፤ ሁለቱም ስልቻ በእርሱ በቅሎ ላይ ነው። ከመታጠፊያ በኋላ ሲሰወርብኝ ዳግም እስካየው ድረስ ያለውን ጊዜ አልለካሁትም፤ እጅግ ረጅም ይመስል ነበር። የማስበው ቀላል ነገር ነበር። እኔ ካልደረስሁ ወይም ሣጥኑ ካልደረሰ የተረኛው ዕዳ በሰይድ ላይ ይቀራል። ከደረስን በእርሱ ላይ ይወድቃል፤ በሐሰት መማሉም ተጨምሮ። ሌላ ሰው አያየንም። እኔ በእርሱ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ ራሴን ጠየቅሁ፤ መልሱን ለአንባቢ የመንገር ግዴታ የለብኝም።

ቀትር ላይ በአንድ አለት ጥላ አረፍን። ሳላስበው ዓይኔ ተከደነ። ስነቃ ሣጥኑ እኔ ካስቀመጥሁበት ክንድ ያህል ርቆ ፀሐይ ላይ ነው፤ ክዳኑ ተከፍቷል። ኪሮስ ጀርባውን ሰጥቶኝ በቅሎዎቹን ያጠጣል።

የላይኛው ድርብ ጠውልጎ ወደ ጥቁር ሄዷል። በጣቴ ገለጥ አድርጌ የታችኛውን አየሁ፤ ጨርቁ ቀዝቃዛ ነው፤ ቅጠሉ ቆሟል። ክዳኑን ዘጋሁት።

«ማን ከፈተው?»

«በቅሎዋ ገፍታው ይሆናል» አለ ሳይዞር።

ሊሆን ይችላል። መቆለፊያው የላላ ነበር። እስከ ዛሬም አላውቅም፤ የማላውቀውን ደግሞ አልፈርድም። ከዚያ በኋላ ግን ሣጥኑን ከጭኔ አላወረድሁትም፤ አንዱን የውሃ ስልቻም ወደ በቅሎዬ እንዲያዛውረው አዘዝሁት። አዛወረ።

እሑድ፤ አጉላዕ

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነጭ ለብሰው ሲመለሱ አጉላዕ ደረስን። ግርማይ መኪናውን ቁልቁለት ላይ አቁሟል፤ ያለ ግፊት የሚነሣው እንዲህ ነው። ሣጥኔን አይቶ፣ «ለዚህ ነው በረሃ የወረድሽው? በእናቴ ጓሮ እንኳ ከዚህ የሚበልጥ አበባ አለ» አለኝ። እውነቱን ነው።

ግርማይ ጭነት ሲያስር ከመኪናው ጥላ ሥር ከኪሮስ ጋር ቆምን። እጁን በጨርቅ እየጠራረገ፣ ዓይኑን ከሩቅ ጉብታ ላይ ሳያነሣ ጠየቀኝ።

«ወይዘሪት፣ የበላችው... ሲገድላት ብዙ ያማታል?»

«ትንፋሽ ያጥራታል። ትንቀጠቀጣለች። ብዙ አትቆይም።»

«ቆይታለች» አለ፤ ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ።

የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ቃል ለዳኛው ብደግመው ኪሮስ አላልኩም ይላል፤ ከአንድ ወንድ መሐላ ፊት የአንዲት ሴት ወሬ ምን ሚዛን እንዳለው አውቃለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ልምድ አለኝ። ስለዚህ ቃሉን ትቼ አበባዋን አጠጣሁ።

ማታ መቀሌ ገባን። ሣጥኑን ከራስጌዬ አስቀመጥሁ።

ሰኞ፤ መቀሌ

ችሎቱ የሚውለው ጣሊያኖች እህል ያከማቹበት በነበረው አዳራሽ ፊት ለፊት፣ በግቢው ውስጥ ነው። የገበያው ሰው በካቡ ላይ ተደርድሯል። ሰይድ በሰንሰለት ቀረበ፤ ከስቷል፤ በዓይኑ ፈልጎ ሰላምታ ሰጠኝ። ባሻይ ሓጎስ ነጭ ኩታውን አጣፍቶ ቆሟል። ኪሮስ ከእርሱ ኋላ፣ የባሻይን መቀመጫ በቅሎ ገመድ ይዞ፣ ምድር ምድሩን ያያል።

ሣጥኑን ከፈትሁ። አበባዎቹ ሕያዋን ናቸው። ከበራሕሌ መምጣታቸውን ዳኛው ኪሮስን ጠየቀው፤ አዎ አለ። ለአንድ ሽማግሌ ቅጠሉን እንዲቆጥሩ ሰጠኋቸው። ዓይናቸውን አጥብበው ቆጠሩ፤ አምስት አሉ። የግቢው ሰው አጉተመተመ።

ባሻይ አልደነገጠም። «ሦስቱ ቅጠሎቿ ናቸው። ሁለቱ ጉትቻዎቿ ናቸው። የቆላ ማገጥ ጌጥ ይወዳል።»

ሳቁ ካቡን ሁሉ ዞረ። ዳኛውም ፈገግ አለ። ጠርሙሱን አቀረብሁ፤ ሁሉ እያየው ወረቀቱ ቀላ። ከካቡ ላይ አንዱ ወረቀት ማቅላት የጣሊያን ጨዋታ ነው አለ፤ ሌላው የቀለም ሥራዋ ነው አለ። ዳኛው ወረቀት በመስቀል ላይ ስለማይምል ምስክር አይሆንም ሲል ወሰነ። ይህን እንደሚል አውቅ ነበር። የተማርሁበትን ነገር ሁሉ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሬ አሳየኋቸው፤ እነርሱ ጨዋታ አዩ።

ባሻይ ይህን ሲያይ ነገሩን በአንድ ምት ሊጨርሰው ፈለገ። ኩታውን አውርዶ ጫፉን ቋጠረ፤ በአባቶቹ ሥርዓት ወደ ውርርድ ገባ።

«ማገጥ ናት። ማገጥ ካልሆነች ይህች በቅሎዬ ለሰይድ ትሁን!»

ዳኛው ውርርድ በአዲሱ ሕግ እንደቀረ ያውቃል፤ ሰዉ ግን አያውቅም፤ ሰዉ ደግሞ ብዙ ነበር። እስረኛውን ትቀበላለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ሰይድ እኔን አየ። ራሱ ማገጥ ናት ያላትን አበባ ማገጥ አይደለችም ብሎ መወራረድ ነበረበት።

«እትዬ አይደለችም ካሉ» አለ፤ «አብሽር ብያለሁ። እቀበላለሁ።»

ከሣጥኑ እፍኝ አወጣሁ። በግቢው መካከል አልፌ በቅሎዋ አፍ ፊት ዘረጋሁት። ግራጫ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ውብ እንስሳ ናት። የማደርገውን አውቃለሁ፤ ሰው ለማዳን በቅሎ ልገድል ነው። ለበቅሎዋ የተከራከረ አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

በቅሎዋ አፍንጫዋን ሰበቀች። ከንፈሯን ዘረጋች።

ኪሮስ ገመዱን ጠምዝዞ ራሷን ወደ ደረቱ ሳበው። በሁለት ክንዱ አቀፋት፤ አፏን ከብብቱ ሥር ቀበረው።

«ልቀቃት እንጂ» አለ ባሻይ።

ኪሮስ አልለቀቀም።

«ልቀቃት እልሃለሁ። ማገጥ አይደለም እንዴ?»

«እንቢ፣ አኮይ» አለ ኪሮስ፤ አጎቴ ማለቱ ነው። ድምፁ ከበቅሎዋ ጋማ ውስጥ ነበር የሚወጣው። «ይህችንስ አላበላም። በእጄ ያበላኋቸው ይበቁኛል።»

ባሻይ ሓጎስ የቋጠረውን ኩታ ጫፍ እንደያዘ ቀረ። ነገሩን እንዳላወቀ ከፊቱ ተረዳሁ፤ ይህን ለእርሱ መመስከር ተገቢ ነው። ቀስ ብሎ የእህቱን ልጅ አየ፤ ከዚያ እኔን ሳይሆን አበባዋን አየ፤ ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ቀሪው አጭር ነው። ኪሮስን ገለባው በዝናብ መበስበሱን፣ ማጨዱን፣ የተረኛውን ዕዳ ፈርቶ በሐሰት መማሉን ጠየቁት፤ ሁሉንም በራስ ንቅናቄ መለሰ። የሰይድ ሰንሰለት ተፈታ። ያው ሰንሰለት ሳይቀዘቅዝ በኪሮስ እግር ገባ። ዳኛው ፍርዱን ሲያጽፍ እውነቱ የወጣው በእግዚአብሔር ፈቃድና በበቅሎዋ ነው አለ። ስለ አምስተኛዋ ቅጠል የተጻፈ ነገር የለም። አላረምሁትም።

ማክሰኞ፤ ከመቀሌ መውጫ

ግርማይ ወደ ደቡብ የሚሄድ ጭነት አለው፤ ከእርሱ ጋር እሄዳለሁ። ሣጥኑ ከኋላ ነው፤ አበባዎቹን ጋዜጣ መካከል አድርጌ ማድረቅ ጀምሬአለሁ። መኪናው ከእስር ቤቱ በር ፊት ለማለፍ ቀስ ሲል ሰይድን አየሁት። በውርርድ ያገኛትን በቅሎ ከበሩ ትይዩ ካለ ግራር ጋር እያሰራት ነበር። ግርማይ መኪናውን ድንጋይ ላይ አስደግፎ አቆመልኝ።

ለምን ወደ ቤቱ እንዳልወሰዳት ጠየቅሁት።

«እንቢ አለች፣ እትዬ። ሁለት ጊዜ ወሰድኳት፤ ሁለቴም ወደዚህ በር ተመለሰች። ልጁን ነው የምትፈልግ» አለ። ጀርባው ላይ የተሸከመውን እስር አውርዶ ፈታ። «ገለባ እንደሁ እኔ ጋ አይጠፋም። እሱ እስኪወጣ እዚሁ ትብላ።»

ከዚያ እንደ ዘበት አበባዋን እንዳሳየው ጠየቀኝ፤ በዚያ ቀን በደንብ አላያትም። ከጋዜጣው መካከል አንዷን አውጥቼ መዳፉ ላይ አኖርሁለት። ተጠፍጥፋለች፤ ሮዟ እየለቀቀ ነው። በጣቱ እየነካ ከጫፍ ሦስት ቆጠረ፤ ቆመ፤ ወደ ግርጌ ወርዶ ሁለት ጨመረ።

መለሰልኝና እጁን በልብሱ ጠርጎ፣ ከእስሩ አንድ እፍኝ ገለባ አንሥቶ ለበቅሎዋ ዘረጋላት።

ግርማይ ድንጋዩን ከጎማው ሥር አወጣ። መኪናው መንሸራተት ሲጀምር ዞሬ አየሁ። በቅሎዋ የእስር ቤቱን በር እያየች ቆይታ አንገቷን አዘነበለች። ገለባውን አሸተተች። ከዚያ በላች።